ሦስት ግድግዳ ያለው ጋጣ

ኦሮራ፣ መስከረም 25 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ ለአቶ አባይነህ
ደብረ ብርሃን

ይህን ደብዳቤ ቆመው እንዳያነቡት። ይቀመጡ። የእህትዎ ልጅ መሠረት ከጎንዎ ትሁን፣ አንድ ብርጭቆ ውኃም ይቅረብ። በቤተሰባችን ላይ ታላቅ ነገር ወርዷል። መርዶ በወረቀት እንደማይላክ አላጣሁትም፤ ግን ጆሮዎ ከደከመ ወዲህ ስልክ ለእርስዎ የላስቲክ ቁራጭ ነው፣ ምን ላድርግ? ልብዎን ይያዙ። ታናሽ ወንድምዎ ጋሼ ተክለሚካኤል፣ ሃያ አራት ዓመት ዴንቨር ላይ ታክሲ ነድተው አንድም ቀን ያልተጋጩት ሰው፣ ባለፈው እሑድ በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ አእምሯቸው ሳይናወጥ፣ በምስክሮች ፊት ፈረስ አገቡ።

አሁን ውኃውን ይጠጡ።

ሙሽራዋ ባዝራ ናት። መልኳ ዳማ፣ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት። በፈረስ ሒሳብ ከእርስዎ ትበልጣለች፣ ስለዚህ ሲያገኟት ይነሡላት። ጋሼ ስሟን ዳማ አሏት፤ እኔ ወይዘሮ ዳማ እላታለሁ፣ ምክንያቱም ስትራመድ መንገዱ የእሷ ርስት ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ዶና የምትባል አሮጊት ፈረንጅ አለች፤ እኛ ካለንበት ከቻምበርስ ሮድ ወደ ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ተነድቶ፣ ሕንጻው አልቆ ሜዳው ሲጀምር ነው የምትኖረው። ጋሼ በታክሲው ዘመን ከኤርፖርት ወደ ቤቷ ይወስዷት ነበር። ስኳሩ ዓይናቸውን ከወሰደው ወዲህ (አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚያዩት) በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ "ንዳ" ይሉኛል፣ እነዳለሁ። አጥሩ ላይ ተደግፈው ፈረሶቹን ያሸታሉ። ሽቶ ቤት የገባች ኮረዳ ነው የሚመስሉት። ባለፈው እሑድ ማንም የማይጋልባትን አሮጊቷን ባዝራ አንገት ይዘው ሲቆዩ ዶና አየቻቸውና "ማይክል፣ ያንተ ትሁን። እዚሁ ትኑር፣ አንተ አብላት" አለች። ጋሼ አለቀሱ። "አቧራ ነው" አሉ። ዝናብ ዘንቦ ነበር።

የትምህርቱን ለጠየቁኝ፦ ጥርሴን ታክሜያለሁ። ሌላ የጠየቁኝ ነገር ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ክረምት እየመጣ ነው፤ የዚህ አገር ክረምት ደግሞ እንደ እርስዎ ሐምሌ ዝናብ አይደለም፣ የሰው አፍንጫ ይቆርጣል። ለወይዘሮ ዳማ የተሰጣት ጋጣ ሦስት ግድግዳ ብቻ ነው ያለው፤ በደቡብ በኩል ክፍት ነው። ዶና "እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ፈረስ ደጅ ነው የሚከርመው፣ ጸጉሩ ያድግለታል" ትላለች። የእሷ ስድስት ፈረሶች በረዶ ጀርባቸው ላይ ተቆልሎ እንኳ አይገቡም አለች። ጋሼ ግን "ደጅ ያደረ ፈረስ የጅብ ነው" ብለው ድርቅ አሉ። አራተኛ ግድግዳ ሠርተው፣ በር ገጥመው ሊዘጉባት ይፈልጋሉ። እኔም "ጋሼ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ያለ ጅብ መካነ አራዊት ነው የሚኖረው፣ ምሳውን በሰዓቱ ይበላል" አልኳቸው። አልሳቁም። ያቺን ሰፈራችን ሁሉ የሚያውቃትን የጥንት ቀልድ ጨመርኩበት፤ እሳቸው በወጣትነታቸው የጋጣውን መወርወሪያ ረስተው ጅብ የጋሪ ፈረሳችሁን ቦራን እንደበላው፣ ሰፈሩም "ጅብ አስገቢው ተክሌ" ይላቸው እንደነበር። እንኳን ሊስቁ፣ እስከ ቤት ድረስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሄዱ። ባለፈው ፋሲካ በእርስዎ ድምፅ ደውዬላቸው፣ "አባይነህ፣ ጆሮህ ዳነልህ?" ብለው ከወንበራቸው ብድግ ያሉ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልተቀየሙኝም።

ቤት ስንደርስ "አባይነህን ጠይቀው" አሉኝ። "አርባ ዓመት ጋሪ የነዳ እሱ ነው። እሱ ያለውን አደርጋለሁ።"

እንግዲህ ይፍረዱ። ትግባ ወይስ ደጅ ትክረም?

የእናቴ የሰርካለም ሰላምታ ይድረስዎ። እሷ ሎውሪ የአረጋውያን ቤት ሺፍት ላይ ናት፣ ሁልጊዜም ሺፍት ላይ ናት። እኔ ከጉንፋን በቀር የጎደለብኝ የለም።

ሊዑል


ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 15 ቀን 2007 ዓ.ም.

ልጄ ሊዑል፣

አንተ ወስላታ። እውነት መስሎኝ መሠረትን ከጓዳ ጠርቼ አጠገቤ አስቀምጫት ነበር። "ፈረስ አገቡ" የሚለው ላይ ስደርስ ሳቅሁ፤ እሷም ሳቄን ሰምታ ሳቀች። እኔ ግን ሳቄን አልሰማሁትም። እንዲህ ያለ ነገር ነው ሽምግልና።

ለጠየቅኸኝ መልሱ አጭር ነው። ደጅ ትክረም። ብርድ ለፈረስ ጠላቱ አይደለም፤ ጠላቱ ነፋስና እርጥበት ነው። እኛ እዚህ የምንዘጋው ለጅብ እንጂ ለብርድ አልነበረም። ዘግተንም ሽንቱ ጋጣ ውስጥ እየታፈነ፣ ዓይኑ እያለቀሰ፣ ደረቱ እየተበላሸ ስንት ደህና ፈረስ በሳል ሞቶብናል። ሌላ ምርጫ ስላልነበረን ነው። ጅብ በሌለበት አገር ግን በር ምን ይሠራል? ሦስት ግድግዳ ነፋስ ይመልሳል። አራተኛውን አትሥሩ። ራሷ ትግባ፣ ራሷ ትውጣ። ድርቆሹን አብዙላት፣ ውኃዋ በረዶ እንዳይሆን ጠብቁ። ፈረንጅዋ ልክ ናት በለው።

ይህ የእኔና የአንተ ነው። ሁለተኛው ገጽ የተክሌ ነው። ዓይን ስለሌለው አንተ ታነብለታለህ፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ፣ ድምፄን ሳታስመስል። ሰው በሌለበት አንብብለት።

ተክሌ ወንድሜ፣

መወርወሪያውን አንተ አልረሳኸውም። ዘግተህ ነው የተኛኸው። እኔ ከጠጅ ቤት ስመለስ ቦራን ልዳብሰው ገባሁ፤ ስወጣ ሳልዘጋ ወጣሁ። ጠዋት እናታችን "በሩን የተወው ማን ነው?" ስትል አንተ አንገትህን ደፋህ፣ እኔም አንገትህን ስትደፋ አይቼ ዝም አልኩ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ አንተ አልነበርክም። ከዚያ በኋላ ሱዳን ነው አሉ፣ ከዚያ አሜሪካ ነው አሉ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት "ነገ" ስል ኖርኩ። ጆሮዬ መልስህን የማይሰማበት ቀን ከመጣ በኋላ መጻፌም ፈሪነት ነው። ቢሆንም ጻፍኩት። ይቅር በለኝ፤ ካልሆነልህም እወቀው።

አባይነህ


ኦሮራ፣ ኅዳር 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ፣

ሰላምታዬ እንደ አየሩ ቀዝቃዛ ቢመስልዎ አይፍረዱብኝ። ደብዳቤዎ የደረሰው ኅዳር 3 ቀን ነው፤ በዚያ ቀን እዚህ ምራቅ መሬት ሳይደርስ ጠጠር ይሆን ነበር። የምሠራበት ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ እጄ መሪው ላይ ተጣብቆ ሊቀር ምንም አልቀረውም። ይህንን የምነግርዎ አስቀድመው እንዲያዝኑልኝ ነው። ቀጥሎ ያለውን ካነበቡ በኋላ አያዝኑልኝም።

አዎ፣ ለጋሼ አንብቤላቸዋለሁ። ያነበብኩላቸው ግን እርስዎ የጻፉትን አይደለም።

ቅዳሜ ዕለት መስፍን ጸጉር ቤት ነበርን። ጋሼ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ይላጫሉ፣ አራት አምስት ሰው ተራ ይጠብቃል። እኔ የሳምንቱን ፖስታ ሁሉ ኪሴ ከትቼ ገባሁ፤ የእርስዎን ፖስታ ገና አልከፈትኩትም። "ከአባይነህ መጣ" ብዬ ጮህኩ። ጋሼ "አንብበው!" አሉ። መስፍንም "አንብብ እስቲ፣ ዛሬ ሳንስቅ መዋላችን ነው" አለኝ። አያቴ፣ ሰው ሊስቅ ተዘጋጅቶ ሲያየኝ እኔ ራሴን አላውቅም። ከኪሴ እጄ የገባልኝን ወረቀት አወጣሁ። የፒዛ ማስታወቂያ ነበር። ዘረጋሁት፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ድምፅዎን አወጣሁ፦

"ተክሌ ሆይ! ደጅ ያደረ ፈረስ የጅብ ነው! አራተኛውን ግድግዳ ሥራ፣ ቀዳዳ አትተው፣ በሩን ቆልፍ። እንደዚያኛው ጊዜ ደግሞ እንዳትረሳ!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። መስፍን ማሽኑን አጥፍቶ ግድግዳ ተደገፈ። አንዱማ የሚጠብቀውን ተራ ትቶ እንባውን ሊጠርግ ወጣ። ያልሳቁት ጋሼ ብቻ ናቸው። ግማሽ ጸጉራቸው ተላጭቶ፣ ግማሹ ቀርቶ፣ እጃቸውን ዘረጉ። "ስጠኝ" አሉ። ማስታወቂያውን ሰጠኋቸው። ሳሙት። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱትና እንዲህ አሉ፦

"ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ስለዚያች ሌሊት አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እንኳን ሊቆጣኝ። ዛሬ ተቆጣኝ። ተመስገን።"

ከዚያ ማን ይስቃል? ቤት ገብቼ የእውነቱን ደብዳቤ ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብ "እንግዲህ ግድግዳውን አናሠራም" አልኩ። ሁለተኛውን ሳነብ ሽንት ቤት ገብቼ ቆለፍኩ።

በማግሥቱ እሑድ ጋሼ ጣውላና ሚስማር አስጫኑኝ። ዓይን የሌለው ሰው እንዴት እንደሚመታ ቢያዩ! በአንድ እጅ ሚስማሩን ይይዛሉ፣ በአንዱ ይመታሉ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ጣታቸውን አልመቱም። እኔ ዓይናማው ሁለቴ መታሁ። ቀዳዳውን ሁሉ በፎም ደፈኑት፣ በላዩ ፕላስቲክ ወጠሩበት። መወርወሪያውን ከውስጥም ከውጭም አደረጉት። "እንዲህ ነው አባይነህ የሚወደው" አሉኝ። ዶና እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ቆማ "ማይክል፣ ይሄ ጥሩ አይደለም" አለች። "ወንድሜ ነው ያዘዘኝ" አሏት። "ፈረሷ ያንተ ናት" ብላ ሄደች።

እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ሥራ አለብኝ፣ እሳቸውም በጣም ደስ ብሏቸዋል፣ እንዲህ ደስ ሲላቸው አይቼ አላውቅም። ነገ እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን ምን ያደርጋል?

ሊዑል


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ሊዑል፣

ዛሬ አልሳቅሁም።

"ነገ" የሚለውን ቃል ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ስማኝ። ይህን ወረቀት በያዝክባት ሰዓት ተነሥ። በመጀመሪያ ያን ግድግዳ አፍርሱት። ሽንቷ ያፍናታል፤ ዓይኗ ውኃ ካፈሰሰ፣ ስትበላ ከሳለች፣ ጊዜ የላችሁም። ቀጥሎ ሁለተኛውን ገጽ አንብብለት። ቢመታህ ተመታ። ቢረግምህ እኔ አስታርቃለሁ።

እኔ ያኔ እንደ አንተ ልጅ ነኝ ብዬ ነው ያሳለፍኩት። ልጅ አልነበርኩም። አንተም አይደለህም።

ምን እንዳለ ጻፍልኝ። በእሱ አፍ ያለውን ጻፍልኝ፣ አታሳምረው።

አባይነህ


ኦሮራ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ፣

መልስዎ ገና አልደረሰኝም፤ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ይሄን አልጽፍም ነበር፣ ወይም ተደብቄ ነበር። በየቀኑ የፖስታ ሣጥኑን እንደ ፖሊስ ቀርቤ፣ እንደ ሌባ ነው የምከፍተው።

የእናቴን ጤና ሳይጠይቁኝ አይቀሩም፤ ደህና ናት፣ ስለዚህ ነገር ምንም አታውቅም። ወይዘሮ ዳማ ግን ትስላለች።

መጀመሪያ ላይ ቀለድኩ። "ሲጋራ የጀመረች ይመስለኛል፣ ከዶና ፈረሶች ጋር መዋል የለባትም" አልኩ። ጋሼ ሳቁ። ሳሏ ግን ሳምንት ቆየ፣ ከዚያ ሁለት። ድርቆሽ ስትበላ ትስላለች፣ ሳትበላ ትስላለች። ዓይኗ ሥር እርጥብ መስመር ወርዷል። ጋጣው ውስጥ ስገባ የእኔ ዓይን ያቃጥለኛል፤ ሽታው እንደ ጸጉር ቀለም ነው፣ አናት ድረስ ይወጣል። ፕላስቲኩ ከውስጥ ላብ አልቦታል፣ ጠብ ጠብ ይላል። ጋሼ አያዩትም። ሽታውን ግን ያሸታሉ፤ "የፈረስ ቤት እንዲህ ነው የሚሸተው፣ የአባታችን ቤት እንዲህ ነበር" ይሉኛል፣ ደስ ብሏቸው።

ዶና ብትኖር ትጮህበት ነበር። እሷ ግን በፈረንጆቹ የምስጋና ቀን አሪዞና ልጇ ጋ ሄዳ እስከ ጥር አትመለስም። ስድስቱን ፈረሶቿን ለእኔ አደራ ሰጥታኛለች። የሰው አደራ ደጅ ቆሞ እየወፈረ ነው፣ የራሳችን ግን ውስጥ እየቀለጠ።

ዝም አላልኩም፤ እንዲያ እንዳይመስልዎ። በዘዴ ሞክሬያለሁ። አንድ ቀን ከኋላ በኩል ሁለት ጣውላ ነቀልኩ፣ አየር እንዲገባ። በማግሥቱ ጋሼ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሄደው ሄደው ነፋሱን አገኙት። "ሌባ ነው!" አሉ። "ጣውላ የሚሰርቅ ሌባ ደግሞ ምን ዓይነት ነው!" መልሰው መቱት። በሌላ ቀን በሩን ከፍቼ "ነፋስ ከፈተው" አልኩ። ዘግተው፣ መወርወሪያውን ሦስት ጊዜ ነካኩት። "በእኔ እጅ ሁለተኛ አይከፈትም" አሉ።

አራት ጊዜ ልነግራቸው ተነሥቻለሁ። አንዴ መኪና ውስጥ ጀመርኩ፣ "ጋሼ፣ ያ ደብዳቤ..." ስል ደረት ኪሳቸውን መታ መታ አድርገው "እዚህ ነው፣ አይጠፋም" አሉኝ። የፒዛው ማስታወቂያ! አሁን እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል፤ በፕላስተር ለጠፍኩላቸው። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፣ ይኸው ተናዘዝኩ። ምላሴ ለቀልድ ሲሆን ይጋልባል፣ ለእውነት ሲሆን ይተኛል።

የእንስሳት ሐኪም እንጥራ ብያቸው እሺ ብለዋል። "አባይነህ ቢኖር ሐኪም አያስፈልገንም ነበር" አሉ።

ነገ እነግራቸዋለሁ አልልዎትም። ያን ቃል ደብዳቤዎ ላይ ካነበብኩት ወዲህ ሳየው ይቀፈኛል። ግን ሌላ ቃል የለኝም።

ሊዑል


ኦሮራ፣ ጥር 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ፣

ጋሼ ምን እንዳሉ በአፋቸው ያለውን ጻፍልኝ፣ አታሳምረው ብለውኝ ነበር። ያ ደብዳቤዎ የደረሰው ታኅሣሥ 24 ቀን ነው። ዳማ የሞተችው ታኅሣሥ 22 ነው። ስለዚህ ግድግዳውን አፍርሱ ያሉትን ሳነብ ግድግዳው ነበር፣ ፈረሷ አልነበረችም።

የዚያ ቀን ብርድ ከኅዳሩም ይብስ ነበር። ተራ ስንጠብቅ ከርመን የመጣችው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ወደ ጋጣው ገብታ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ራሷ ሳለች። ዞራ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጋሼ "ዝጊው፣ ብርድ ይገባባታል" አሏት። እኔ አልተረጎምኩላትም። የዳማን ደረት ካዳመጠች በኋላ ሳንባዋ ከሚመለስበት አልፏል አለች፣ ያለው ምርጫ በመርፌ ማሳረፍ ብቻ መሆኑንም ነገረችን። ጋሼ እስከ መጨረሻው ጋማዋን እንደያዙ ነበር። የዶና ስድስት ፈረሶች በክፍቱ በር ትይዩ ቆመው ነበር፤ ሽፋሽፍታቸው ላይ በረዶ ተንጠልጥሏል፣ ጀርባቸው ነጭ ሆኗል፣ ድርቆሽ ያኝካሉ። እነሱን ባላይ ይሻለኝ ነበር።

"ዘግቼው ነበር" አሉኝ ስንመለስ። "ሊዑል፣ ዘግቼው ነበር አይደል?"

"ዘግተውት ነበር" አልኩ።

ደብዳቤዎ ሲደርስ አንድ ቀን አላሳደርኩትም። የፒዛውን ነገር ነገርኳቸው። ጸጉር ቤቱን፣ ድምፁን፣ ሁሉን። አልመቱኝም። ቢመቱኝ ጥሩ ነበር። ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ አወጣሁና አነበብኩላቸው፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ በራሴ ድምፅ። "መወርወሪያውን አንተ አልረሳኸውም" ከሚለው እስከ መጨረሻው። አንዲት ፊደል አልዘለልኩም።

ጨርሼ ወረቀቱን አጠፍኩ። ከዚያ፦

"ይሄኛውንስ መቼ ጻፍከው?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ የእሳቸው ነው። የእውነት ነው።"

"ያኛውም የእውነት ነበር።"

"በእመቤታችን!"

"ልታጽናናኝ ነው፣ ገብቶኛል። ጥሩ ልጅ ነህ። ግን ይብቃህ።"

እናቴን ከሥራ ስትመለስ ከበር ያዝኳት፣ ወረቀቱን ሰጠኋት፣ እያለቀሰች አነበበችላቸው። "አንተ ጻፍከው፣ እሷ አነበበችው" አሉ። የእጅ ጽሕፈትዎን እንዲያምኑ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አስኬድኩላቸው። ወረቀት ወረቀት ነው፣ ምን ይነግራቸዋል?

የስልኩን ነገር እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም። መልስ ዘግይቶብዎት መሠረት ደውላ ስልኩን እጅዎ ላይ ያስያዘችዎ ዕለት እኔ የዶናን ፈረሶች ላበላ ሄጄ ነበር። ያነሡት ጋሼ ናቸው። እናቴ ከጓዳ ሆና ሰምታለች፤ የእርስዎ ድምፅ ቤቱ ሙሉ ይሰማ ነበር፣ "ተክሌ! በሩን የተውኩት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!" እያለ። ጋሼ ለጥቂት ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ በቀስታ፣ ሳይቆጡ፣ "ሊዑል፣ ይብቃ አልኩህ እኮ" ብለው ዘጉት። እርስዎ መዘጋቱንም አልሰሙ ይሆናል። ምናልባት ብዙ ተናግረዋል። እኔ ከሜዳው ስመለስ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በአፉ ተደፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደብረ ብርሃን ሲደወል አያነሡም። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ አፌን በእጃቸው ይዘው ይስሙ ብያቸዋለሁ። እምቢ አሉ።

እርስዎ አይሰሙም፣ እሳቸው አያዩም። በመሐል ያለሁት እኔ ነኝ። እኔን ደግሞ የሚያምነኝ የለም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ አብረን ነበርን። ግድግዳውን ላፍርሰው ስል "ተወው" አሉኝ። ባዶውን ጋጣ ዘግተው መወርወሪያውን ከሰደዱ በኋላ፣ ጀርባቸውን በሩ ላይ አሳርፈው፣ ሳልጠይቃቸው እንዲህ አሉ፦ "ያን በር የተውኩት እኔ ካልሆንኩ፣ ሱዳን በረሃ ውስጥ ምን ስፈልግ ነበር? ለምን ነው እናቴን ሳልቀብር የቀረሁት? እንዲህ ያለ ነገር አታንብብልኝ።"

ስለዚህ ያላመኑት እኔን ብቻ አይመስለኝም። ባያምኑም ማመን የሚችሉ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን አይመስለኝም።

ማስታወቂያውን ልጥልላቸው እጄን ዘርግቼ ነበር። ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። "ውሸትም ቢሆን" አሉ፣ "ሲቆጣ እሱን ይመስላል።"

ዶና ከአሪዞና ደውላ ነበር። "ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ይህን ክረምት ባታልፈው አይገርምም፣ ማይክል ራሱን አይጉዳ" አለች። ጋሼም ቢጠየቁ "አንዲት አሮጊት ፈረስ ናት" ነው የሚሉት። መስፍን ጸጉር ቤት ወሬው አንድ ቅዳሜ ተወራ፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ስለ ሌላ ነገር ይሳቅ ነበር። እኔን "ዛሬስ ደብዳቤ አልመጣም?" ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ደብዳቤ ላይ ታላቅ ነገር ወርዷል ብዬ አስደንግጬዎት ነበር፤ እሱም ውሸት ነው። ሰብስቤ ሳየው አንዲት ፈረስ፣ አንድ ግድግዳ፣ አንድ የፒዛ ማስታወቂያ ነው። ትንሽ ነገር ነው፣ አያቴ። ይሄንን ደብዳቤ ቆመው ቢያነቡትም ይቻላል።

ሊዑል